ስለት ያጣሁበት ምጥ

ተቀመጡ ወገኖቼ፣ ቆማችሁ አትችሉኝም። መጋቢያችን «እማማ ወርቄ፣ አደራ አጠር ያድርጉት» ብሎኛል። እኔ ደግሞ ጌታ ያደረገልኝን ማሳጠር አልችልበትም። ዛሬ ፊታችሁ የቆምኩት በምጥ ከሞት አፍ እንዴት እንዳወጣኝ ልነግራችሁ ነው።

የተዳርኩት ከቆቦ በታች፣ ሜዳው ላይ ነው። መጀመሪያ ሁለት ወልጄ ሁለቱንም ቀብሬአለሁ። ያን ጊዜ እኛ ዘንድ ያረገዘች ሴት ስለት ትሳላለች፤ ለማርያም ጧፍ፣ ለሼሁ ፍየል። እኔ የክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ ጎረቤቶቼ ግን እስላሞች ናቸውና እነሱ ሲሳሉ ለማንኛውም ብዬ አብሬ እሳል ነበር። ሳቁ፣ ሳቁ! ከናንተም እንዲሁ ያደረገ አይጠፋም።

ሦስተኛውን ያረገዝኩት በስልሳ ስድስቱ ረሃብ ነው። ማሽላው ፍሬ ሳይዝ ደረቀ፤ ከብቱም አለቀ። በዚያ ላይ የኛ ሰዎችና ከአፋር የመጡ አርብቶ አደሮች በአንድ የውሃ ጉድጓድ ተጣልተው ይታኮሱ ነበር። ወደ ቆቦ የሚወስደው መንገድ ደግሞ በዚያው ጉድጓድ አጠገብ ነው የሚያልፈው። ምጤ የመጣው እንግዲህ በዚህ መሃል ነው።

አማጥኩ፣ አማጥኩ፣ ልጁ ግን ወይ ፍንክች። አማቴ እማማ ዘነቡ መንደሩን ሁሉ ያዋለዱ ሴት ናቸው፤ «ይሄ ከኔ አቅም በላይ ነው፤ ቆቦ ጤና ጣቢያ አድርሷት» አሉ። ባሌ ሲሳይና ጎረቤቶቹ በቃሬዛ አነሱኝ። የራባቸው ሰዎች ናቸው እኮ፤ ትንሽ ይሄዱና አስቀምጠውኝ ያርፋሉ። ጉድጓዱ ጋ ስንደርስ ከወዲህም ከወዲያም ጠመንጃ ተደግኗል። አንደኛው ተሸካሚ «እንመለስ፣ ሁላችንም ልናልቅ ነው» አለ።

እማማ ዘነቡ መቀነታቸውን ፈቱ። በኛ አገር እናት መቀነቷን ፈትታ በተጣሉት መሃል ከጣለች፣ ያንን ተሻግሮ የሚተኩስ ወንድ የለም። መንገዱ ላይ ዘረጉትና «ምጥ የያዛት ልጅ ይዣለሁ፣ አሳልፉኝ!» አሉ። አፋሮቹም ነገሩን ያውቁታል፤ ጠመንጃቸውን ዝቅ አደረጉ። አማርኛ የሚችሉ አንድ ሽማግሌ ከነሱ መሃል መጡና መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ተሸካሚዎቼን አዩ።

«እነዚህማ ራሳቸው ተሸካሚ ያሻቸዋል» አሉ። ወዲያው ጎረምሶቻቸውን ጠርተው ቃሬዛውን አስያዟቸው። ጠዋት በሰዎቻችን ላይ ሲተኩሱ የነበሩ ልጆች ናቸው ወገኖቼ! በነሱ ትከሻ ነው ቆቦ የገባሁት። ጌታን ሳላውቀው እሱ ያውቀኝ ነበር፤ ስሙ ይባረክ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ድሬሰሩ፣ ያን ጊዜ ሐኪማችን እሱ ነው፣ ሆዴን አዳመጠና ሲሳይን «የልጁ ትርታ አይሰማኝም። እሷም አቅም የላትም፤ ምጡም ቆሟል። ደሴ ብትሄድ ጥሩ ነበር፣ መኪና የለም» አለው። ሲሳይ ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። ሲስተር አልማዝ የምትባል ነርስ ግሉኮስ ሰካችልኝና እጄን ይዛ «ልጸልይልሽ?» አለችኝ።

«እህቴ፣ የምሳለው የለኝም» አልኳት። ያለችኝ አንዲት ፍየል በረሃቡ ሞታለች፤ ለጧፍ እንኳ ሰባራ ሳንቲም የለም። ያለ ስለት የሚሰማ ጸሎት ያለ አይመስለኝም ነበር። ያስጨነቀኝ ከሞቱ ይልቅ ባዶ እጄን መሆኔ ነው።

«የኔ ጌታ ስለት አይጠብቅም» አለችኝ። «እንዲያውም እሱ ነው የሰጠሽ። አንድያ ልጁን ላንቺ ብሎ ለሞት ሰጥቶታል።»

«ልጁን?» አልኳት።

«አዎ፣ ልጁን።»

ወገኖቼ፣ እኔ ሁለት የቀበርኩ ሴት ነኝ። ልጅ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ሰባኪ አያስረዳኝም። እንባዬ መጣ። «እንግዲያው ኢየሱስ ሆይ፣ ባዶ እጄን ተቀበለኝ» አልኩ። ሌላ ጸሎት አላውቅማ!

ሲስተር ገና ስትጸልይ የቆመው ምጥ ተመለሰ። ድሬሰሩ ሮጦ መጣ። ልጁ ወጣ፣ ግን ጠቁሮ፣ ዝም ብሎ። ሲስተር አፉን ጠረገችለት፣ ጀርባውን አሸችው። እኔ ጣራ ጣራውን አያለሁ፤ ሦስተኛውንም ልቀብር ነው ብዬ። ከዚያ አለቀሰ። ሃሌሉያ! ምን ዓይነት ለቅሶ መሰላችሁ፣ ግቢው ሁሉ ሰማ። ድሬሰሩ «ይሄ የኔ ሥራ አይደለም» ብሎ ወጣ። ያመጡኝ የአፋር ልጆች በር ላይ ቆመው ነበር፤ ልጁ ሲያለቅስ ሰምተው እየሳቁ ሄዱ።

መንደር ስመለስ ሴቶቹ «ለማን ተስለሽ ነው?» ብለው ከበቡኝ። «ለማንም» ስላቸው የደበቅኳቸው መሰላቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ይኸው ጌታን እንደተከተልኩ አለሁ። ያ ልጄም ያውላችሁ፣ ሽበቱን ይዞ ከኋላ ተቀምጧል፤ ዛሬም ሲዘምር ድምፁ ከሁላችሁ ይበልጣል። ክብር ለጌታ ይሁን!

ከናንተ መሃል «መጀመሪያ ኑሮዬን ላስተካክል፣ ለጌታ የምሰጠው ነገር ልያዝ» እያለ የሚቆይ አለ፤ አውቃለሁ። እኔ ምን ይዤ ነበር የሄድኩት? ረሃብና ምጥ ብቻ። እሱ ግን አልመለሰኝም። ተነሱና ኑ፣ እናንተንም አይመልሳችሁም።