ሁለት ጻፊ

በያዝድ ከተማ አዋላጇ ማህሮክ፣ ውስጥ እግርን በአውራ ጣት ማሸት በቀዶ ሕክምና የወለደችን ሴት ሕመም ያስታግስ እንደሆነ በሚያጣራ ጥናት ላይ ትሠራለች። ለወንድሟ ሚስት ለፋራንጊስ የደረሳት ዕጣ ግን እግሯ ሳይታሽ ለማነጻጸሪያ ያህል እንዲያዝ ብቻ ነበር። ይህን ለታማሚ መንገር ክልክል ነው።

ማህሮክ ሃያ ደቂቃ ሙሉ እግሯን ይዛ ቆየች። ፋራንጊስ ግንባሯን አልቧታል።

«ሕመምሽ ከአስር ስንት ነው?»

«እጅሽን አይመምሽ፣ እህቴ» ስትል ፋራንጊስ አመሰገነቻት። «ሁለት ጻፊ።»

«ይሉኝታሽን ተዪው። ከአራት በላይ ካላልሽ የማስታገሻ መርፌ አይሰጡሽም።»

«ይህን ያህል ደክመሽልኝ ስምንት ልበል? እናትሽ ብትሰማ ምን ትለኛለች?» ሳቅ ስትል ስፌቱ ወጋትና አቃሰተች።

ቅጹ ላይ የሚሰፍረው የታማሚዋ ቃል ብቻ ነው። ማህሮክ ሁለት ብላ ጻፈች። መርፌ የምትሰጠው ነርስም ቅጹን አይታ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች።