አፖንዲ ዋና ስትማር

አፖንዲ ሐይቁ ዳር የቆርቆሮ ጥላ ዘርግታ ዓሣ የምትጠብስ፣ ዕድሜዋ ሃምሳ ያለፈ ሴት ናት። ከሆማ ቤይ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው የሉዎ ብሔረሰብ አጥማጆች መንደር፣ ጀልባዎች ከሚቆሙበት አሸዋ ላይ፣ ጎሕ ሲቀድ እሳት ታያይዛለች፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ታጠፋለች። ጢሱ ዓይኗን አቅልቶታል፤ ጉልበቷም ከተቀመጠችበት ለመነሳት ሁልጊዜ እንዳስቸገራት ነው። የመንደሩ ሰው በትውልድ አገሯ ስም «የአሌጎ ልጅ» ይላታል።

ባሏ ኦዴሮ የሞተው ከዚያው አሸዋ ፊት ለፊት ነበር። ድንገት የተነሳ ነፋስ ጀልባውን ገለበጠበት። ሩቅ አልነበረም፤ ድምፁ ይሰማ ነበር። ወንዶቹ ሐይቁ ላይ ተበትነዋል፤ ዳርቻው ላይ የነበሩት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ከሴቶቹ መካከል ደግሞ ዋና የምታውቅ አንድ አልነበረችም። ሐይቁ ዳር ተወልደው፣ ልብስ አጥበውበት፣ ልጆቻቸውን በዓሣው አሳድገው፣ ከጉልበት አልፈው ግን ገብተውበት አያውቁም። አፖንዲ እስከ ወገቧ ገባች፤ እግሯ መሬት ሊያጣ ሲል ቆመች። ኦዴሮ ስሟን ደጋግሞ ጠራ። ከዚያ ዝም አለ።

በቀብሩ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ፣ ተነስታ «ዋና እማራለሁ» አለች። ጣቷንም ወደ ሐይቁ ዘርግታ የወፍ ኩስ ያነጣውን ሩቅ ቋጥኝ አሳየች። «እዚያ ድረስ ዋኝቼ እሄዳለሁ። ስሙኝ፤ እናንተ ምስክሬ ናችሁ!» ለቅሶተኛው ራሱን ነቀነቀ። ባል የሞተባት ሴት ምን የማትለው ነገር አለ?

ከዚያ ኑሮ መጣ። ልጆቹ መብላት ነበረባቸው፤ ትምህርት ቤት መሄድ ነበረባቸው። አፖንዲ በየዓመቱ የኦዴሮ መታሰቢያ ሲደርስ «ዘንድሮስ» ትላለች፤ ዝናቡ ይገባል፣ ዘንድሮም ያልፋል። ልጆቹ አድገው አንዱ ኪሱሙ፣ ሌላዋ ሞምባሳ ሄዱ። ቋጥኙ ግን የትም አልሄደም። ከምድጃዋ ቀና ባለች ቁጥር ፊት ለፊቷ ነው። ያየችው እንደሆነ ትደክማለች፤ ገና ምንም ሳትሠራ ትደክማለች።

አንድ ቀን ጎረቤቷ አኦኮ፣ ከጎኗ የምትጠብሰው ሴት፣ ስታያት ቆይታ፣

«እስቲ ተይው አሁን!» አለቻት። «ይሄን ያህል ዓመት ማን ጠየቀሽ? ኦዴሮ እንደሆነ አይጠይቅሽ። እኔም ረስቼዋለሁ ብዬ እምልልሻለሁ።»

«አልረሳሽም።»

«አልረሳሁም እንጂ! ግን ከተውሽው እረሳዋለሁ።»

አፖንዲ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋባት። ያን ዕለት ማታ፣ ምድጃዋን አጥፍታ፣ ሽማግሌው ኦጉቱ ቤት ሄደች። ኦጉቱ በወጣትነቱ የመሻገሪያ መርከብ ላይ ሲሠራ ዋና የለመደ፣ አሁን ዓይኑ እየደከመ የተቀደደ መረብ የሚጠግን ሰው ነው።

«አባባ፣ ዋና ያስተምሩኝ» አለችው። «ቋጥኙ ድረስ መሄድ እፈልጋለሁ።»

«ቋጥኙን እርሺው።»

«ምስክር ጠርቼበት?»

«ቋጥኙ ነው እስካሁን ሳትጀምሪ ያስቀመጠሽ። ነገ ሌሊት ዳር የሚወጡት ጉማሬዎች ከራቁ በኋላ፣ ጀልባዎቹ ሳይመለሱ ነይና ውሃው ውስጥ ቁጭ በይ። ሌላ ምንም አታድርጊ።»

«ቁጭ ልበል? ለመቀመጥማ እቤቴም በርጩማ አለኝ!»

«በርጩማው ላይ ዋና የተማረ ሰው ካየሽ ንገሪኝ።»

ተቆጥታ ወጣች። ጠዋት ግን መጣች፤ ቀሚሷን ለብሳ፣ አንገቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ተቀመጠች። በማግስቱም እንዲሁ። ኦጉቱ አሸዋው ላይ መረቡን እየጠገነ አንዳንዴ ብቻ ቀና ይላል። ፊቷን ውሃ ውስጥ መንከር የሚባለው ነገር ሲመጣ የኦዴሮ ድምፅ የሚሰማት እየመሰላት ትወጣለች፤ ታስላለች፤ እንደገና ትገባለች። የሚመለሱት አጥማጆች ያዩአታል።

«እማማ አፖንዲ! ዓሣችን ስላልጣፈጠዎት እራስዎ ሊያጠምዱ ነው?»

«እናንተን ነው የማጠምደው! ዱቤ በልታችሁ የምትሸሹትን!» ትላቸዋለች፤ ከንፈሯ በብርድ እየተንቀጠቀጠ። ከዚያ እርጥቡን ቀሚስ ጨምቃ ወደ ምድጃዋ ትሄዳለች። ቀኑን ሙሉ ጀርባዋን ይሰብራታል። ደስ የሚል ነገር አልነበረውም። ብትጠየቅ፣ የሚቀጥለውን ጠዋት ጠልታው እንደምትተኛ አትደብቅም ነበር።

በጀርባዋ መንሳፈፍ የቻለች ሰሞን እምቦጩ መጣ። ነፋስ እየገፋ አመጣውና ዳርቻውን በሙሉ አረንጓዴ ምንጣፍ አለበሰው። ጀልባ እንኳ መውጫ አጣ። ወር አልፎ ወር ተተካ። እምቦጩን ነፋስ መልሶ ሲወስደው አፖንዲ ወደ ውሃው ገባች፤ ሰውነቷ ሁሉን ረስቶታል። ድንጋይ ሆና ሰጠመች፣ ተነሳች፣ አሸዋው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

«በቃኝ አባባ። አረጀሁ።»

ኦጉቱ «እሺ» አላት። አላባበላትም። መረቡን እየጠቀለለ፣ «እኔም ልጄ ኪሱሙ ልትወስደኝ ነው፤ ዓይኔ አበቃለት። ከመሄዴ በፊት ብትመጪ ደስ ይለኛል፤ ባትመጪም ቅር አይለኝም» አለ።

መጣች። እንደገና ከመቀመጥ ጀመረች። እሱ ከሄደ በኋላም መጣች፤ አሸዋው ባዶ ሲሆንባት ግን ፈራች። ያኔ ነው አኦኮ ባዶ ቢጫ ጀሪካን በገመድ አስራ እያንጠለጠለች የደረሰችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጀሪካን ነዋ! ወገብሽ ላይ እሰሪው። ብትሰጥሚ ለልጆችሽ ደውዬ የምነግረው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ለቅሶ ሰልችቶኛል።»

ስለ ቋጥኙ ሁለቱም አላነሱም። አፖንዲ አሁን የምታየው አንድ ነገር ነው፤ አሸዋው ፊት ለፊት መልሕቅ ጥላ የምትቆመውን የአንድ አጥማጅ ሰማያዊ ጀልባ። ያቺ ጀልባ የምትቆመው፣ የዚያን ቀን የኦዴሮ ድምፅ ከመጣበት አካባቢ ነው። ይህን ለአኦኮ ነግራት አታውቅም። አኦኮ ግን ታውቀዋለች፤ እሷም ያን ቀን አሸዋው ላይ ነበረች።

ሐይቁ ጸጥ ባለበት አንድ ማለዳ አፖንዲ ጀሪካኑን ወገቧ ላይ አስራ ወደ ሰማያዊዋ ጀልባ ዋኘች። እጇ ዛለ፤ ጀርባዋ ላይ ተገልብጣ ሰማዩን እያየች አረፈች፤ እንደገና ዋኘች። እግሯ መሬት የማይነካበት ስትደርስ አወቀችው፤ ውሃው ከታች ቀዘቀዘባት። አላቆመችም። የጀልባዋን ጠርዝ ስትይዝ እንጨቱ እጇን ላጠው።

እዚያ ስትደርስ የምታለቅስ መስሏት ነበር። አላለቀሰችም። ጠርዙን ይዛ ተንጠለጠለች፣ ተነፈሰች፣ «ደረስኩ፣ ኦዴሮ» አለች ቀስ ብላ። ኦዴሮ ሲጠራት ይህን ብትችል ኖሮ የሚለው ሐሳብ መጣባትና፣ እንደመጣ ተቀበለችው።

«ደረስሽ እንዴ?» አኦኮ ከዳር ጮኸች።

«ደረስኩ!»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሻይ ላምጣልሽ?»

መመለሱ ከመሄዱ ባሰ። ግማሽ ላይ ጀሪካኑን አቅፋ እግሯን ብቻ እያንፈራገጠች መጣች። አኦኮ እስከ ጭኗ ድረስ ገብታ እጇን ያዘችና ጎተተቻት፤ ሁለቱም አሸዋው ላይ ተዘረሩ።

አፖንዲ ያን ቀን ምድጃዋን አላነደደችም። ኦዴሮ ከሞተ ወዲህ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ቁርስ ሊበሉ የመጡት አጥማጆች የቆርቆሮው ጥላ ሥር ቆመው አጉረመረሙ፤ አኦኮ «ወደኔ ኑ፣ እሷ ተኝታለች» እያለች አስተናገደቻቸው። አፖንዲም ፀጉሯ እንደረጠበ፣ በሩን እንኳ ሳትዘጋ፣ እኩለ ቀን እስኪያልፍ ተኛች።