የቲቸር የሺ የሥነ ዜጋ ክፍል

ባለፈው እሑድ ቤይሩት፣ ባውሽሪዬ ሰፈር ውስጥ በአንድ ፀጉር ቤት ደጃፍ ሳልፍ፣ በፒያስትራ የሚተኮስ ፀጉር ሽታ ከነሙቀቱ ፊቴ ላይ መጣ። ቆምኩ። ከኋላዬ የምትመጣ ሴት «ያላ፣ እለፊ እንጂ!» ብላ በትከሻዋ ገፋ አድርጋኝ ሄደች። እግሬ ግን እምቢ አለኝ። ያ ሽታ ለሌላው ሰው የፀጉር ቤት ሽታ ነው። ለእኔ የትምህርት ቤት ሽታ ነው።

ልጅ ሳለሁ የተማርኩት እዚያው ሰፈር፣ ከአንድ የሐበሻ ፀጉር ቤት በስተጀርባ ባለች የዕቃ ክፍል ውስጥ ነበር። እሑድ እሑድ ዕረፍት ያገኙ ሴቶች የፊቱን ክፍል ሞልተው ሲሳሳቁ፣ እኛ ልጆች ከመጋረጃው ኋላ የሻምፖ ካርቶን ላይ ተደርድረን እንቀመጣለን። እናቴ ከአሠሪዋ ቤት ከወጣች በኋላ በየቤቱ እየዞረች በሰዓት የምታጸዳ ነበረች፤ የመኖሪያ ፈቃድ አልነበራትም። እኔም ቤይሩት ተወልጄ የማንም አገር መዝገብ ላይ አልሰፈርኩም።

አስተማሪያችን ቲቸር የሺ ትባላለች። ወልዲያ ሥነ ዜጋ ታስተምር ነበር፤ አባቷ ሲታመሙ ለማሳከሚያ ብላ ተሰደደች። ሳምንቱን ሙሉ አሠሪዋ ማዳም ቤት ስትወለውልና ስታበስል ትሰነብታለች። እሑድ ጠዋት ግን ነጭ ሸሚዟን ተኩሳ፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራ ብቅ ትላለች። ጣቶቿን የበረኪና ሽታ አይለቃቸውም ነበር። ሰሌዳ ስላልነበረን በአሮጌ ቁም ሣጥን በር ላይ በማርከር ትጽፍልናለች፤ በሩ እየተከፈተ ስለሚያስቸግራት በጉልበቷ ደግፋው ነው የምታስተምረው።

ፊደልም ሒሳብም አስተምራናለች፤ ልቧ ያለው ግን ሥነ ዜጋው ላይ ነበር። ፈተናዋም የወረቀት አልነበረም። አንድ የሐምሌ ቀን፣ ሙቀቱ ላባችንን ሲያንጠፈጥፈው፣ ያለችንን አንዲት ማራገቢያ መሃል ላይ አቆመችና «ዛሬ ፈተና አለ። ይቺ ወደማን ትዙር? ተነጋግራችሁ ወስኑ» ብላን ወጣች። ተጯጯህን፤ አንዱ ካርቶን በእግሩ መታ። በመጨረሻ አስም ላለባት ለትንሿ ለሰሚራ ይሁን ብለን ተስማማን። ቲቸር የሺ ስትመለስ በኩራት ነገርናት።

«ጎበዞች» አለች። «ሰሚራንስ ጠየቃችኋት?»

ማንም አልጠየቃትም። ሰሚራ አንገቷን ደፍታ «ነፋሱ ያስለኛል» አለች።

«እንግዲያው ያገኛችሁት ግማሹን ነጥብ ነው» ብላ ማራገቢያውን ራሷ ከሰሚራ ላይ ወደ እኛ አዞረችው።

የዚያኑ ቀን ሌሎቹ ሲወጡ ወደ ኋላ ቀረሁ። «ቲቸር፣ ዜጋ ማለት የአገር ሰው ከሆነ፣ እኔ የየት አገር ነኝ?» አልኳት። የማርከሩን ክዳን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። «እሱን እኔም አላውቅም፣ የኔ ቆንጆ» አለችኝ።

ዐሥር ዓመት ሲሞላኝ እናቴ ደህና ትምህርት ቤት ልታስገባኝ ተነሣች። «ልጅሽ መታወቂያ የላትም» እየተባለች ከየበሩ ተመለሰች። ቲቸር የሺ አብራን ልትሄድ ማዳሟን የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠየቀች፤ ተከለከለች። ማክሰኞ ጠዋት ግን በነጭ ሸሚዟ በራችን ላይ ቆማ አገኘናት።

የሄድንበት ትምህርት ቤት ሙዲራ፣ ማለትም ርእሰ መምህሯ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያደረገች ኮስታራ ሴት ነበረች። ገና ሳንቀመጥ ራሷን ነቀነቀች። ቲቸር የሺ ቆማ በአረብኛ ተናገረች።

«ሲልቩፕሌ ማዳም፣ እባካችሁ፣ የምንለምነው ወንበር ብቻ ነው። ፈተና አትፈትኗት፣ ሰርተፊኬት አትስጧት። ያኒ፣ ማለቴ፣ ቁጭ ብላ ታዳምጥ። እኔም አስተማሪ ነበርኩ፤ ማዳመጥ የሚችል ልጅ ሳይ አውቃለሁ።»

ሙዲራዋ መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አየችኝ። «ታዳምጥ» አለች በመጨረሻ። «ኸላስ፣ አለቀ።»

መንገድ ላይ ስንወጣ ቲቸር የሺ ያን ያህል አድጌ እያለሁ ብድግ አድርጋ አቀፈችኝ። ሸሚዟ ከጀርባዋ በላብ ርሶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አሠሪዋ ቤት ስትደርስ ፖሊስ በሩ ላይ ጠበቃት። ማዳሟ «ሠራተኛዬ ጠፍታብኛለች» ብላ አመልክታባት ኖሯል። እናቴ እስር ቤት ሄዳ ልትጠይቃት እንኳ አልቻለችም፤ እሷም ወረቀት የላት፣ በሄደችበት ልትቀር ነው። ሰንበትበት ብሎ ወደ አገር እንደላኳት ፀጉር ቤት ሰማን። እኔ ያን ጊዜ አዲሱ ክፍሌ ውስጥ የኋለኛው ወንበር ላይ ተቀምጬ አዳምጥ ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ የመንግሥት ፈተና መጣ። ያለ መታወቂያ አይገባም። የክፍል ጓደኞቼ ሲገቡ እኔ ከግቢው አጥር ውጭ ቆሜ ጠበቅኋቸው። አንዷ ስትወጣ የሥነ ዜጋውን የጥያቄ ወረቀት ሰጠችኝ። ግድግዳ ተደግፌ፣ ከፀጉር ቤቱ ሴቶች ባገኘሁት ቁጥር ወልዲያ ደወልኩ።

«አንብቢልኝ» አለች ቲቸር የሺ።

ከአረብኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። እያንዳንዱን መለስኩ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ነጥቤን ነገረችኝ።

«ከሃያ ዐሥራ ሰባት።»

«ሦስቱስ?»

«‹ዜጎች ይመርጣሉ፣ ሕግ ያከብራሉ፣ ይጠይቃሉ› አልሽ። ሁሉንም ‹እነሱ› እያልሽ ነው የመለስሽው። አንድም ቦታ ‹እኛ› አላልሽም።»

«ቲቸር፣ እኔ እኮ መታወቂያ የለኝም።»

«አውቃለሁ። ስለማውቅ ነው የቀነስኩብሽ» አለች። ሁለታችንም ስልኩን ሳንዘጋ አለቀስን።

በዓመቱ ስደውል ስልኩን ያነሣችው እህቷ ነበረች። ስሜን ስነግራት ማልቀስ ጀመረች። ቲቸር የሺ ማረፏን መናገር አላስፈለጋትም።

አሁን ማር ሚካኤል ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ዕቃ አጥባለሁ። መታወቂያ እስከዛሬ የለኝም። የምኖርበት ሕንፃ ውሃ ሲጠፋ ጎረቤቶቼ ደረጃው ላይ ተሰብስበው ይመክራሉ፤ እኔም በሬን ከፍቼ እወጣለሁ። «እኛ ምን እናድርግ?» እላለሁ በአረብኛ። አንዳንዶቹ ዞር ብለው ከላይ እስከ ታች ያዩኛል። ተመልሼ ቤቴ አልገባም፤ እዚያው እቆማለሁ።