ጆሯቸውን የሸፈኑልኝ እናት

የያዙኝ ከአንበሳሜ ስመለስ ነው። ስልጠና ሰጥተን መመለሳችን ነበር። የድርጅታችን ነጭ ላንድክሩዘር ደብረ ታቦር መግቢያ ላይ ሲደርስ አንድ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ አስቆመን። ሾፌሩን አላናገረውም። ጎንበስ ብሎ ከኋላ የተቀመጥኩትን እኔን አየና «የምንፈልገው እርስዎን ነው» አለ፤ በጨዋ አነጋገር። ቦርሳዬን ላነሳ ስል «ይተዉት፣ ወዲያው ይመለሳሉ» አለኝ። ተውኩት። መኪናው ቦርሳዬን ይዞ ሄደ።

ሕግ የተማርኩ ነኝ። ያን ጊዜ የምሠራው ለአንድ የውጭ ተራድኦ ድርጅት ነበር። ሥራዬ በገጠር ቀበሌዎች እየዞርኩ፣ ባል የሞተባቸውንና የተፋቱ ሴቶችን ስለ መሬት መብታቸው ማሰልጠን ነው። ዛፍ ሥር ወይም ትምህርት ቤት ውስጥ እንሰበሰባለን። እናገራለሁ፤ እነሱም ይጠይቃሉ። በመጨረሻው ቀን አብረን ፎቶ እንነሳና መኪናው ይነሣል። የዚያ ዓመት ምርጫ አልፎ ነገሩ ሁሉ የተካረረበት ወቅት ስለነበር የእኔ ሥራም በሌላ ዓይን ታየ። «ገበሬውን አነሳስተሻል» አሉኝ። ክስ ካሉት ክሱ ይኸው ነው።

የሴቶቹ ክፍል ከፖሊስ ጣቢያው ጓሮ ነበረች። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ። ሰኔ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ሰው ከሰው አይደማመጥም። መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የራሰ የሱፍ ባና፣ የሰው ላብ፣ ጥግ ላይ ያለው ባልዲ። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ከበሩ ሥር ቆሜ ቀረሁ።

«ግቢ እንጂ እህቴ፤ ብርዱን ይዘሽብን ቆምሽ እኮ» አለች አንዲት ሴት።

አረቄ ሻጭ ናት። ወንድምሽን ደብቀሻል ተብላ የታሰረች የከተማው ሴት። ሌላዋ በእናቴ ዕድሜ ያሉ የገጠር ሴት ነበሩ። ባናቸውን ተከናንበው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ከጉና ተራራ ሥር ካለ ቀበሌ ነው የመጡት። ድምፄን ሲሰሙ ቀና አሉና አተኩረው አዩኝ።

«ያቺ የመኪናዋ ልጅ አይደለሽም? ‹መሬቱ ያንቺ ነው› ያልሽን?»

«ነኝ እናቴ።» መልካቸውን ላስታውስ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

«አንቺንም አመጡሽ እንግዲያ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ በኋላ ስንት ቀን እንዳላናገሩኝ አላውቅም። ከአረቄ ሻጯ ጋር እያወሩ እኔ ጣልቃ ስገባ ዝም ይላሉ። አንድ ቀን እናቴ ከላከችልኝ ዳቦ ቆርሼ ሰጠኋቸው። ተቀብለው በሉና፣ ዳቦውን እየተመለከቱ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ጀመሩ።

ባላቸው ከሞተ በኋላ የባላቸው ወንድም ጥማዱን ይዞ ማሳው ውስጥ ገባ። ቀበሌ ሄዱ፤ ሊቀመንበሩ የሰውየው አበልጅ ነው። ወረዳ ሄዱ፤ ሌላ ቀን ነይ ተባሉ። ሌላ ቀን ሄዱ፤ ነገ ነይ ተባሉ። ከወረዳ ሲመለሱ ማሳው እየታረሰ አገኙት።

«ምን አደረጉ ታዲያ?» አልኳቸው።

«ከበሬዎቹ ፊት ተኛሁ።»

«መሬት ላይ?»

«እንግዲያ የት ልተኛ? በሬ ሰው አይረግጥም፤ ቆመ። ጎትቶ ያወጣኝ ሰው ነው።»

«ብቻዎን ነበሩ?»

«ማን ይከተለኛል? ያን ጊዜ አብረውኝ የተማሩት ሁሉ ከየደጃቸው ቆመው ያያሉ። አልፈርድባቸውም። እነሱስ ልጅ አላቸው።»

መንግሥትን ተቃውማለች ተብለው ታሰሩ። ከዚያ ቀን ወዲያ ባናቸውን ለሁለት እንለብሰው ጀመር። ሲያንኮራፉ ግድግዳው የሚነቃነቅ ይመስል ነበር። አረቄ ሻጯ «እኝህ ሴትዮ በዚህ ሳንባ ጮኸው ቢሆን ወረዳው በሰማቸው» እያለች ታስቀናለች። እሳቸውም ይስቃሉ።

ልጄ ገና መራመዷ ነበር። እቤት ከእናቴና ከእህቴ ጋር ናት። ምግብ የምታስገባው ፖሊስ አንድ ቀን እቃውን ስታቀብለኝ «ልጅሽ ደህና ናት ብለውሻል እናትሽ። እህትሽን እማ ማለት ጀምራለች አሉ» አለችኝ። ደስ እንዲለኝ ብላ ነው። እቃውን ተቀብዬ አመሰገንኳት።

በማግሥቱ የጣቢያው ኃላፊ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ሻይ ነበር፤ ለእኔም አስመጣልኝ።

«እኔም አንድ ጊዜ ስልጠናሽ ላይ ተቀምጫለሁ» አለኝ። «የምትናገሪው ይገባል። አስተማሪ ነሽ።»

በሕይወቴ አስተማሪ ብሎ የጠራኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

«አስተማሪ ደግሞ ሲሳሳት ያርማል። ነገ ጠዋት እስረኛውን ግቢ ውስጥ አስቀምጥልሻለሁ። አብዛኛው የገጠር ሰው ነው፤ ሲፈታ ያወራል። ‹ያስተማርኩት ስህተት ነው፤ የውጭ ሰዎች ልከውኝ ነው፤ በአገራችሁ ደንብ እደሩ› ትያቸዋለሽ። ከዚያ ምሳሽን ቤትሽ ትበያለሽ።»

«ባልልስ?»

ሻዩን አማሰለ። «ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ገና መራመዷ ነው።»

«እንግዲህ» አለ።

ጠዋት የጉናዋ እናት ከኋላዬ ተቀምጠው ጸጉሬን ይጎነጉኑልኝ ጀመር። ሰው ፊት የምትቆም ሴት ጸጉሯ ተንጨብርሮ አይሆንም አሉ። ኃላፊው ያለኝን ነግሬያቸው ነበር። ጣቶቻቸው ሸካራ ናቸው፤ ሥራቸው ግን አያምም።

«በይው» አሉኝ።

«እናቴ፣ እርስዎ እዚያ ተቀምጠው እያዩኝ?»

«እኔ ምን አለብኝ? አንቺ ልጅ አለሽ። ጴጥሮስ ስንኳ ክዶ የለም? ጌታውን ነው የካደ። የሰማዩን መክፈቻ ግን አልቀሙትም።»

«እርስዎ እኮ እዚህ የገቡት እኔን ሰምተው ነው።»

ጉንጉኑን ጠበቅ አደረጉት። «እንዳይጨንቅሽ። እኔ ጆሮዬን እሸፍናለሁ። ያልሰማሁትን አልቀየምም። ተናግረሽ ልጅሽ ጋ ሂጂ።»

አረቄ ሻጯ ወደ በሩ ዞራ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገች።

ግቢው ጨቅይቶ ነበር። ወንዶቹ በረድፍ ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ በአጥሩ ጥግ ናቸው። ኃላፊው ኮቱን ደርቦ ከደጃፉ ቆሟል። እኔን መሃል ላይ አቆሙኝ። ልለው ነበር የወጣሁት። በራሴ ውስጥ ደጋግሜ አጥንቼው ነበር፤ አጭር ነው፤ ሲያልቅ ልጄን አቅፋለሁ።

የጉናዋ እናት አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝ። ከዚያ ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ ሳቡ፣ ሁለት መዳፋቸውን በጆሯቸው ላይ ጫኑ፣ ዓይናቸውንም ጨፈኑ።

«ያስተማርኳችሁ» አልኩ። ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ደርሷል። ያን ጊዜ እጆቻቸውን አየኋቸው። ጣቶቻቸው እስኪነጡ ድረስ ተጭነዋል። ያን ሁሉ ኃይል የሚያወጡት ለእኔ ብለው ነው።

«ያስተማርኳችሁ ልክ ነው» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ። «ባል ቢሞት ሚስት ከመሬቷ አትነቀልም። ሕጉ ይኸው ነው። ቀበሌ እንቢ ቢል ወረዳ አለ፤ ወረዳ እንቢ ቢል ዞን አለ። ያኔ ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ። ብቻሽን አትሂጂ። አንዷ ስትነሳ ጎረቤቶቿ አብረዋት ይነሱ። አንዷ...»

«በቃ» አለ ኃላፊው። አልጮኸም። «ውሰዷት።»

ፖሊሷ ክንዴን ይዛ ስትወስደኝ በአጠገባቸው አለፍኩ። መዳፋቸው እንደተጫነ፣ ዓይናቸው እንደተጨፈነ ነበር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ አቡነ ዘበሰማያት ይደግሙ ነበር መሰለኝ። «እናቴ!» አልኳቸው። ፖሊሷ ገፋችኝ።

አሮጌ ጎማና የተወረሰ ዕቃ በተከመረበት መጋዘን ውስጥ ብቻዬን ዘጉብኝ። ዝናቡ ሌት ተቀን ወረደ። የበረደኝን ያህል ደስም ይለኝ ነበር፤ ሰምተውኛል ብዬ ስላሰብኩ። መጨረሻ ላይ እጃቸውን ሳያወርዱ አልቀሩም፣ ሰው ሁሉ ሲንሾካሾክ ገልጠው ሳይሰሙ አይቀሩም እል ነበር። ጉንጉኑን አልፈታሁትም። ራሴን ሲያሳክከኝ በላዩ ላይ መታ መታ አደርገዋለሁ እንጂ ጣቴን አላስገባበትም። እዚያ ውስጥ ሰው ሆኜ የምቆየው በእሱ ይመስለኝ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ ያለ ክስ፣ ያለ ፍርድ፣ «ሂጂ» ተብዬ ወጣሁ። ልጄ አላወቀችኝም፤ ከእህቴ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። ሰንበት ብላ አረቄ ሻጯ ልትጠይቀኝ መጣች። ከእኔ በፊት ተፈትታ ነበር።

«የጉናዋ እናትስ?» አልኳት።

«አንቺን እንደወሰዱሽ የገጠሮቹን በመኪና ጫኗቸው። ወዴት እንደሆነ አልነገሩንም።»

«ነገርሻቸው? ምን እንዳልኩ?»

አንገቷን ደፋች። «እጃቸውን ከጆሯቸው ያወረዱት መኪናው ላይ ሲወጡ ነው፤ መያዣ ፈልገው። እኔ ከአጥሩ ጋ ነኝ። ‹ገባች ወይ? ቤቷ ገባች?› ብለው ጮኹ። መኪናው ተነሥቷል። ምን ልበላቸው? ‹ገብታለች› አልኳቸው። ደስ እንዲላቸው። ደስም አላቸው።»

ድርጅቱ አልረሳኝም። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ቦታ አዘጋጅቶልኝ ነበር። አመስግኜ ተውኩትና ለዩኒቨርሲቲ መምህርነት አመለከትኩ። ዘመዶቼ «ከላንድክሩዘር ወርዳ ጠመኔ ጨበጠች» ብለው ሳቁብኝ። ስልጠና ሲያልቅ መኪናው ይነሣል። መምህር ግን በማግሥቱም እዚያው ክፍል ውስጥ አለ፤ ያልገባው፣ የተጎዳውም፣ ተመልሶ ያገኘዋል። ይህን ለዘመዶቼ ማስረዳት አልቻልኩም።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከባድ ነበሩ። እያስተማርኩ በር ከተከፈተ ቃሉ መሃል ላይ ይቆረጥብኛል። አንድ ሰው «በቃ» ሊለኝ እንደሆነ እጠብቃለሁ። ዘግይቶ የመጣ ተማሪ ነው። ይቅርታ ጠይቆ ይቀመጣል።

ቆይቶ የዩኒቨርሲቲውን የሕግ ኮሌጅ እንድመራ ተሾምኩ። ተማሪዎቻችን ወደየወረዳው ሄደው ለሴቶች ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጡበትን ሥራ ስናቋቁም አንድ ደንብ አስገባሁ፤ መክሮ መመለስ የለም፤ ባለጉዳይዋ ፍርድ ቤት ስትቀርብ አብሯት የሚቆም ሰው ይኑር። አንድ ጊዜ ደግሞ፣ በክፍል ውስጥ በተናገረው ነገር የተነሳ አንድ ወጣት መምህር በስብሰባ ፊት ቆሞ «ተሳስቻለሁ» ይበል የሚል መመሪያ ከላይ መጣ። «እኔ በምመራው ኮሌጅ ውስጥ ማንም ሰው ቆሞ ራሱን አይክድም» አልኩ። ብዙ ተቆጡ፤ ነገሩ ግን እዚያው ቀረ። ልጁ ምስጋና ሊያቀርብልኝ ሲመጣ ስለ ፈተና ወረቀት ጠየቅኩት።

እሳቸውን መፈለግ አላቆምኩም። ጉና ሥር ያለው ቀበሌ ሄድኩ። ማሳውን የባላቸው ወንድም ልጆች ያርሱታል። አንዱ ጎረቤት ልጃቸው ጋ አንበሳሜ ገብተዋል አለኝ፤ አንበሳሜ ጠየቅኩ፣ የሚያውቃቸው የለም። ሌላዋ «መንኩሰው ወደ ጣራ ገዳም ሄደዋል ሲባል ሰምቻለሁ» አለችኝ።

ጣራ ገዳም የሄድኩት በፍልሰታ ማግሥት ነው። ጫካው ውስጥ ወጥቼ አንዲት እማሆይ አገኘሁ። እንጨት እየለቀሙ ነበር። የምፈልጋቸውን ሴት ስም ነገርኳቸው።

«ያ የዓለም ስም ነው» አሉኝ። «ስንመነኩስ ቀርቷል። ከጉና የመጣነውም ብዙ ነን። የሞትነውም ብዙ ነን።»

ከመንገዱ ዳር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«እዚህ ካሉ ይንገሩልኝ፣ እማሆይ። ያን ቀን አልካድኩም ይበሉልኝ። ያልኩት ‹ብቻሽን አትሂጂ› ነው ይበሉልኝ።»

«ብትክጂ እንኳ ይቅር ብለውሽ ነበር እኮ፣ ልጄ። ገና አፍሽን ሳትከፍቺ።»

«አውቃለሁ። የሚከብደኝ እሱ ነው። ያላደረግሁትን ይቅር ብለውኝ ሄዱ።»

እንጨታቸውን ሰብስበው አሰሩ። «ለሁሉም እነግራቸዋለሁ» አሉኝ። ሸክሙን አንስቼ አሸከምኳቸው፤ ሽቅብ ወጡ።

በማግሥቱ ጠዋት የክረምት ተማሪዎች ክፍል ነበረኝ። የመሬት ሕግ ነው። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ውጭ ይዘንባል፤ ቆርቆሮው ይጮሃል። ከመጀመሬ በፊት ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

«ይሰማል» አሉኝ።

ጀመርኩ።