የአባቴ ሐምሌ

ነገሩ የጀመረው በመጋቢት መጨረሻ፣ ሐሙስ ዕለት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ደወሉ ተደውሎ ተማሪዎች ወደ ክፍል ገብተው ነበር። እኔ መሰላል ላይ ቆሜ የአደይ አበባ ቢጫ እቀባለሁ። የትምህርት ቤታችን ጥበቃ የሆኑት አዛውንት በርጩማቸውን ከበሩ አንስተው መጡና ከኋላዬ ተቀመጡ። ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አዩት። ሰው ሲያየኝ እጄ ስለሚከብደኝ ወደ ኋላዬ ሳልዞር መቀባቴን ቀጠልኩ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ በመጨረሻ። ልጄ ማለታቸው ነው። «አገሩ ያምራል። የት ነው?»

«እዚሁ ነው አባባ። ነጌሌ።»

«ነጌሌ!» ብለው ተነሡ። ዱላቸውን በትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ሁለት እጃቸውን በላዩ አንጠልጥለው፣ ከብት እንደሚቆጥር ሰው ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ።

ሥዕሎቹ አራት ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በሥዕል መምህርነት ወደ ተወለድኩበት ከተማ ስመለስ፣ ርዕሰ መምህራችን የመማሪያ ክፍሎቹን በረንዳ ግድግዳ ሰጡኝና «አራቱን ወቅቶች ሣይበት» አሉኝ። ሌላ ነገር ቢያዙኝ እንዲህ ደስ አይለኝም ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የምሥለው ወቅትን ነው፤ ያው ዛፍ፣ ያው ኮረብታ፣ ግን በሌላ ወር። ሦስት ሳምንት ሠራሁ። ቅዳሜ የወላጆች ቀን ነው፤ ያን ቀን ሰው ሁሉ ያየዋል።

ሽማግሌው ሁለተኛው ሥዕል ጋ ቆሙ። «ይህ ምን ወር ነው?»

«ሐምሌ።»

«ይህ ሁሉ ውኃ?» ጥርሳቸው ታየ። «በሐምሌ እኔ በሩ ላይ ምን ለብሼ ነው የምቀመጠው?»

«ጋቢ።»

«ጋቢዬ ረጥቦ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላየሁም። ሐምሌ በነጌሌ ብርድ ነው፤ ደመናው አመድ መስሎ ቀኑን ሙሉ ይንጠለጠላል፤ ነፋሱ አቧራውን ያነሳል፤ ዝናብ ግን የለም። እንዲህ ባለ ሐምሌ ሃያ ዓመት ያህል ኖሬያለሁ። ከመሰላሉ ስወርድ ፊቴ ይነድድ ነበር።

እዚህ የተወለደ ሰው እንዴት እንዲህ ይሳሳታል? አባቴ የጎጃም ሰው ነው። ወታደር ሆኖ ወደ ነጌሌ ጦር ሰፈር መጣ፤ አግብቶ፣ ጡረታ ወጥቶ እዚሁ ቀረ። ክረምቱን ግን ከአገሩ ይዞት ነው የመጣው። በየዓመቱ ሐምሌ አንድ ቀን ጥቁር ጃንጥላውን ከቁም ሳጥኑ ላይ ያወርዳል፤ አቧራውን ያራግፋል፤ በር ላይ ቆሞ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። «ዘንድሮ ክረምቱ ዘገየ» ይላል። እኔ አጠገቡ ቆሜ አብሬው አንጋጥጣለሁ። ማታ ማታ ስለ ገብሱ፣ ስለ ጥቁሩ ጭቃ፣ ስለሚሞላው ወንዝ ያወራልኛል። የትምህርት መጽሐፋችንም በሐምሌ የሚዘንብበትን አገር ነበር የሚያስተምረን። አዲስ አበባ ስማር ደግሞ ሐምሌ በእውነት ዘነበ፤ አባቴ እውነቱን ነው አልኩ። ስለዚህ ግድግዳው ላይ የሣልኩት በዓይኔ ያየሁትን ሳይሆን በጆሮዬ የሰማሁትን ነው።

ሽማግሌው የነጌሌን ወቅቶች በኦሮምኛ ስማቸው በጣታቸው ቆጠሩልኝ። ዋናው ዝናብ ጋና ይባላል፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት። ቀጥሎ አዶሌሳ፣ ያ ደረቁ ብርድ። ከዚያ በጥቅምት አጭሩ ዝናብ ሐጋያ ይመጣል። መጨረሻው ቦና ነው፤ ሣር የሚያልቅበት፣ ጉድጓድ የሚጠልቅበት። ስሞቹን ከልጅነቴ ጀምሮ በገበያ ስሰማቸው ኖሬያለሁ። ለመሣል ግን አንድም ቀን አስቤያቸው አላውቅም።

ስድስት ሰዓት ገደማ ወተት ሸጠው የሚመለሱ ሦስት ሴቶች ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው ለጥላው ወደ በረንዳችን ገቡ። ሽማግሌውን «ናጋ? ናጋ?» ብለው ሰላም አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። አንደኛዋ የደረቁን ወቅት ሥዕል ስታይ ጮኸች።

«ይህቺ ላም የማን ናት? በቦና እንዲህ የወፈረችው!»

«የመንግሥት ላም ትሆናለች» አለች ሁለተኛዋ።

«አጥንቷን አውጪው እንጂ መምህርት! ዳሌዋ ላይ ጀሪካን የሚሰቀል መሆን አለበት።»

ሦስተኛዋ የላሟን ቀለም አልወደደችውም። እኔ ቀይ ያልኩት ለእሷ ቀይ አይደለም፤ በእሷ አፍ ለዚያ ቀለም ብቻ አራት ስም አለ። ስሞቹን ስትነግረኝ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። በጣም የማፍር ሰው ነኝ፤ ሰዎች ከበውኝ ሲስቁ ብዙ ጊዜ መሸሽ ነው የሚያምረኝ። ያን ቀን ግን አልሸሸሁም። ሦስት ሳምንት ያንን ግድግዳ ስሥል እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ርዕሰ መምህሩ ሳቁን ሰምተው መጡ። ጉዳዩን በዝግታ ነገርኳቸው፤ ለአለቃ «ተሳስቻለሁ» ስል የመጀመሪያዬ ነበር።

«እኔም'ኮ አላስተዋልኩም» አሉ። እሳቸው የቦሬ ሰው ናቸው፤ እዚያ ደጋው ላይ ሐምሌ ይዘንባል። «ምን ችግር አለ? ሐምሌ የሚለውን አጥፊና ሚያዝያ በይው።»

«ዳይሬክተር» አሉ ሽማግሌው፣ «ስሙ ይቀየራል። መሬቱስ? ጥቁር ነው። እኛ ጋ መሬት ጥቁር ነው?»

ርዕሰ መምህሩ ወደ ግቢው ቀይ አፈር አዩና ራሳቸውን አከኩ። «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ። ቅዳሜ ግን ባዶ ግድግዳ እንዳላይ።»

የቀረኝ አንድ ቀን ነው። አራቱም እንደማይደርሱ አውቄዋለሁ፤ አንዱ ግን ይደርሳል፤ እሱም ሐምሌ ነው። የከበደኝ ሥራው አይደለም። ባለፈው እሑድ አባቴ ሁለት የድሮ የጦር ጓደኞቹን ይዞ ሥዕሉን ሊያይ መጥቶ ነበር። ቆቡን አወለቀ። ሐምሌው ላይ የሣልኩትን ገብስ በጣቱ ነካ ነካ አደረገና «ይኸውላችሁ፣ የእኛ መስክ» አላቸው። አሁን ያንን ልቀባበት ነው።

ዐሥር ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረ። የአፈሩ ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ ዝናቡ። የጋና የመጀመሪያው ዝናብ ነበር። ተማሪዎቹ እየጮሁ ወደ ሜዳው ወጡ፤ መምህራኑም አልከለከሏቸውም። መሬቱ መጀመሪያ እንደ በርበሬ ደመቀ፤ ከዚያ ጠቆር ያለ፣ ስም የማላውቅለት ቀይ ሆነ። ከበረንዳው ጫፍ ሆኜ አየሁት። ይህ ቀለም ሁልጊዜ ደጃፌ ነበር።

በዚህ መሀል አባቴ ጃኬቱን በራሱ ላይ ጥሎ እየሮጠ ገባ። ሊወስደኝ ነው የመጣው። ውኃው ከአፍንጫው ይንጠባጠባል።

«አባዬ፣ ጃንጥላህስ?»

«ይህ'ኮ በልግ ነው፤ ያልፋል። ለበልግ ጃንጥላ አይያዝም።»

ሽማግሌው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ግን ዝናቡ ድምፄን ሳይሸፍነው ልናገር ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። ሐምሌው ስሕተት መሆኑን፣ ነገ ልቀባበት መሆኑን።

አባቴ ወደ ሥዕሉ አየ። ከዚያ ወደ እግሩ፤ ጫማው ሥር ቀይ ጎርፍ እየሄደ ነበር።

«ይህን ሁሉ ዘመን» አለ፣ «አንድም ሐምሌ አልዘነበም?»

«ሃምሳ አለቃ» አሉ ሽማግሌው፣ «እርስዎ ጃንጥላ ይዘው ሲጠብቁት ፈርቶ ነው የሚቀረው!»

አባቴ መጀመሪያ ሊቆጣ ነበር፤ ከዚያ ሳቁ አሸነፈው። ሁለቱ ሽማግሎች ትከሻ ለትከሻ እየተደጋገፉ ሳቁ። ሳቁ ሲያበቃ አባቴ ጆሮዬ አጠገብ ጎንበስ ብሎ «ቀቢው። እኔ ሳላይ ግን» አለኝ።

በማግስቱ ዓርብ፣ ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ግቢው ገባሁ። ሐምሌን በነጭ ቀለም ሸፈንኩት፤ ገብሱን የሸፈንኩት መጨረሻ ላይ ነው። እስኪደርቅ ከሜዳው እርጥብ አፈር በጣሳ አምጥቼ በኋላ ለምሠራው የሚያዝያ ሥዕል ቀለም ለካሁበት። ከዚያ የአዶሌሳን ሰማይ ጀመርኩ፤ አመድማ፣ ዝቅ ያለ፣ ዝናብ የሌለው። ታች ጥግ ላይ አንድ የጦር ሰፈር ቤት ሣልኩ፤ በሩ ላይ ያልተዘረጋ ጃንጥላ የያዘ፣ ወደ ሰማይ ያንጋጠጠ ሰውዬ።

አባቴ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። አላይም ያለው ሰው ነው። በሣልኩት ሰውዬ ፊት ብዙ ቆመ፤ እኔ መሰላሉ ላይ ሆኜ ሰማዩን መቀባቴን ቀጠልኩ።

«የጃንጥላው እጀታ ቡናማ አይደለም» አለ። «ጥቁር ነው። በደንብ እያየሽ!»

ከመሰላሉ ወርጄ ብሩሼን ጥቁር ውስጥ ነክሬ እጀታውን አስተካከልኩት።