የሺ አፌን አልከፍትም ያለች ዕለት

ስሙኝማ ወንድሞች፣ እህቶች! ዛሬ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር አልቀመጥም። ስምንተኛ ላይ ያቋረጥኩ ነኝ፣ ንግግር አላሳምርም። የሆነውን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ድሮ ማን እንደነበርኩ ታውቃላችሁ። ባለቤቴ አለሚቱ እዚህ ቤተክርስቲያን ስትዘምር እኔ በር ላይ ቆሜ «ውጪ! ቤትሽን ጥለሽ!» እያልኩ የምጮህ ሰው ነበርኩ። አስተናጋጁን ወንድማችንን ኮሌታውን አንቄዋለሁ፤ ይኸው ፊት ተቀምጦ ይስቅብኛል። ክብር ለጌታ!

ከዚያ የሺ የምትባል ልጅ ቤታችን መጣች። እናቷ ጎረቤታችን ነበረች፤ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዳ ድምጿ ጠፋ። አለሚቱ «ልጅቱ ሜዳ ላይ አትቀርም» ብላ አስገባቻት። የወረዳው የህፃናት ጉዳይ ቢሮ ይሄን ሰማና «በአደራ ቤተሰብነት ልታሳድጓት ትችላላችሁ። ግን ባልና ሚስት ሁለታችሁም ወገዳ መጥታችሁ ስልጠና ትጨርሳላችሁ። ካልሆነ ባህር ዳር የህፃናት ማሳደጊያ ትገባለች» አለን።

መቼ ቢሆን ጥሩ ነው? ገብሱ ታጭዶ አውድማ ላይ ተከምሮ! ጠዋት በሬዎቹን ለወንድሜ ትቼ፣ አለሚቱ ጡት የሚጠባውን ልጃችንን አዝላ፣ ወገዳ በእግር እንመጣለን። የስልጠናው አዳራሽ በር ላይ «ህፃን ይዞ መግባት አይቻልም፣ ይረብሻል» ተባልን።

«ልጅ ማሳደግ ልታስተምሩን ነው ልጅ የምትከለክሉን?» አልኩ። እሷ ስትገባ እኔ ልጁን ይዤ በመስኮት፣ እኔ ስገባ እሷ በመስኮት እየሰማን ተማርን። መስኮት ላይ የቆመው ደግሞ ቀሪ ተብሎ ይመዘገባል፤ ቀሪ የበዛበት አያልፍም።

አንድ ቀን አሰልጣኟ «አደራ ጊዜያዊ ነው፤ እናቷ ከተገኘች ትመልሳላችሁ» አለች። ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ተንገላትቼ ላስረክብ? ቤት እንደገባሁ ማር አስመጣሁ፣ ሽማግሌ ጠራሁ። የጡት ልጅ አደርጋታለሁ አልኩ። ታውቁታላችሁ፣ ጣትህን ማር ትቀባለህ፣ ልጁ ይጠባል፣ ሽማግሌ ያያል፤ በቃ፣ ያንተ ሆነ። ከዚያ ቢሮው ምን ያመጣል!

አውራ ጣቴን ማር ነክሬ ለየሺ ዘረጋሁላት። ጥርሷን ገጠመች።

«ጥቢ እንጂ!»

«እናቴ ትመጣለች።»

ሽማግሌው ጋሽ ይመር «አንተ ደግሞ! ልጅ ይለመናል እንዴ? አገጯን ያዝና አጉርሳት» አሉኝ። ያዝኳት። እውነቴን ነው ወገኖች፣ አገጯን ያዝኳት።

አለሚቱ ድምጿን እንኳ አላነሳችም። «ጌታ አንተን እንዲህ ነው ያደረገህ? በሩ ላይ መጥተህ ስንቴ ሰደብከው፤ መቼ አንገትህን አንቆ ላስገባህ አለ?»

አገጯን ለቀቅኩ። ማሩ በእጄ እየተንጠባጠበ ወደ አውድማው ወጣሁ። ዝንብ እየወረረኝ ጭዱ ላይ ተቀመጥኩና «ጌታ ሆይ፣ ልጅህ አርገኝ። እኔስ አፌን እከፍታለሁ» አልኩት። መብረቅ አልወረደም። ግን ተመልሼ ገብቼ የሺን «እናትሽ ምን አይነት ሰው ናት?» ብዬ ጠየቅኳት። እስኪደክማት አወራችልኝ። ስትጨርስ «ማሩስ?» አለችኝ። በዳቦ ጥርግ አድርጋ በላችው! ሃሌሉያ!

ዛሬም አባዬ አትለኝም፣ ጋሼ ነው የምትለኝ። ይሁን። እናቷ ከመጣች እኔው ራሴ ይዣት እሄዳለሁ፤ ይሄን የምለው እኔ አይደለሁም፣ ጌታ ነው ያስቻለኝ። ንዴቴ ጨርሶ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽም፣ ግን የሚይዘኝ አለ። ስሙ ይባረክ! አንተ ደግሞ በር ላይ የቆምከው፣ ግባ። እኔን የጠበቀ አንተንም ይጠብቃል፤ እመነው።

አሁን ስልጠናው ሊያልቅ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ቀርቶናል። ማክሰኞ ነው ብለውናል። አሁንም ህፃን አይገባም፤ የተፈቀደልን ቀሪ አልቋል፣ ከሁለታችን አንዳችን ዳግም ከቀረን የሺ ትሄዳለች። ከቢሮው የመጣችሁ እዚያ ኋላ ተቀምጣችኋል፣ አይቻችኋለሁ። እሺ ንገሩኝ፦ ከኛ አንዱ ልጅ ታቅፎ ደጅ ስለቆመ ልጅ ማሳደግ አይችሉም ብላችሁ የሺን ልትወስዷት ነው?