ወይዘሪትና ሁለቱ ፀጉር አስተካካዮች

የመቱ ከተማ ሰው ሆኖ ሰይፈ ሚካኤልንና ጉርሙን የማያውቅ ቢኖር ፀጉሩን በቤቱ የሚላጭ ብቻ ነው። ሁለቱ ፀጉር ቤቶች መንገዱን መሐል አድርገው ይተያያሉ። ሰይፈ ሚካኤል በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ሲመጣ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ነበር፤ ጉርሙ የሁሩሙ ልጅ ነው። ሙያውን ከአንድ ሽማግሌ በአንድ ወንበር ላይ ተምረዋል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሱቃቸውን ገርበብ ያደርጉና አንዱ የሌላውን ፀጉር ይቆርጥ ነበር። ፀጉር አስተካካይ የገዛ ማጅራቱን በምን ያየዋል? እኔም የሁለቱም ደንበኛ ስለ ነበርሁ ያን የእሑድ ሳቃቸውን ዛሬም አስታውሳለሁ።

ወይዘሪት የመጣችው በካርቶን ነው። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ከአዲስ አበባ አምጥቶ ለሰይፈ ሚካኤል ሰጠው። «ጊኒ ፒግ ትባላለች» አለው። ጥንቸል ትመስላለች፤ ግን ጆሮዋ አጭር ነው፤ ጅራት የላትም፤ ሣር ባየች ቁጥር ታፏጫለች። «ወይዘሪት» ያሏት ፀጉር ሊቆረጡ የሚመጡት ልጆች ናቸው። ቀድሞ የፀጉር መቁረጫው ቶንዶስ ድምፁን ሲያሰማ የሕፃናቱ ለቅሶ ገበያ ድረስ ይደርስ ነበር። ወይዘሪትን ሲያስታቅፋቸው ግን ጸጥ! እናቶች ወደ እሱ ጎረፉ።

«ኦቦ ሰይፈ!» ይል ነበር ጉርሙ ከማዶ ቆሞ፤ «አይጥ ቀጥረህ ገበያዬን ወሰድክብኝ እኮ!»

በዚያ ዓመት ክረምቱ ከበደ። ግድግዳው ሻገተ፤ የወይዘሪት ጉዝጓዝም ከሥሩ ረጥቦ መድረቅ አቃተው። አንድ ቀን ልብስ ነጋዴዋ ሰሚራ ልጇን እየጎተተች ገባች። ልጁ ማጅራቱ ላይ ክብ ጭርት ወጥቶበታል።

«ጋሼ ሰይፈ፣ ይኼ ከምን የመጣ ይመስልዎታል?»

«እኔ ቶንዶሴን በአልኮል ነው የማጸዳው!»

«ስለ ቶንዶስ መች ጠየቅሁ? እርስዎ ነዎት ያነሡት» አለችና ወጣች።

ከዚያ በኋላ ሌሎችም ልጆች ጭርት ያዛቸው፤ «ከሰይፈ ሚካኤል ቶንዶስ ነው» የሚል ወሬም ተነዛ። እናቶች በሱቁ በር ሲያልፉ የልጆቻቸውን ራስ በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር። ወንበሩ ባዶውን ዋለ፤ የጉርሙ አግዳሚ ግን ሞላ። ሰይፈ ሚካኤል ከመጋረጃው ኋላ ሆኖ ማን ወደ ማን እንደሚገባ ያያል፤ ጉርሙ ከደንበኛ ጋር ሲስቅ «በእኔ ነው» ይላል።

ይባስ ብሎ የወይዘሪት ፀጉር ከጆሮዋ ኋላ ረገፈ፤ አፍንጫዋ ዙሪያ ቅርፊት ያዘ።

«አየህ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው ገብቶ አስነክቷታል።»

«ማን?»

«እኔ የሰው ስም አልጠራም» ብሎ ማዶ ማዶውን አየ።

በሩ ላይ ሁለተኛ ቁልፍ ጨመረ። ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ለምኖ ቀባት፤ ቆዳዋ ቀላ፤ ማፏጨቷንም ተወች። የእሑዱ ነገርማ ቀረ። ሁለቱም ሌላ ሰው ዘንድ መሄድ አፍረው ፀጉራቸው ጆሯቸውን ሸፈነ። በመጨረሻም ሰይፈ ሚካኤል ወንበሩን የሚገዛ ሰው ቡሬ ድረስ እንዳስጠየቀ ሰማሁ።

ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ግማሽ ራሴን እንደ ተቆረጥሁ ነበር ነገሩ የተገለጠው። የጉርሙ ልጅ ሽብሬ ሣር ይዛ በመስኮቱ «ወይዘሪት! ወይዘሪት!» ስትል ሰማናት። ሰይፈ ሚካኤል ቀልጠፍ ብሎ ወጥቶ ክንዷን ያዘ። እጅጌዋ ሲሰበሰብ ክንዷ ላይ ያው ክብ ጭርት ታየ።

«አንቺን ፀጉርሽን ማን ነው የሚቆርጥሽ?»

«አባባ ነዋ! ሌላ ማን?»

«ይኼስ ምንድን ነው?»

«ለማንም አታሳዪ ብሎኛል» አለችና እጇን ከኋላዋ ደበቀች።

«ወይዘሪትን እንዴት አድርገሽ ነው የምታቅፊያት?»

ልጅቱ ክንዷን አጥፋ ወደ አንገቷ አስጠጋች። ሰይፈ ሚካኤል በእጁ የያዘውን ቶንዶስ አየ፤ በመስኮቱ ካርቶኑን አየ። ቶንዶሱ ልጅቱን ነክቷት አያውቅም። እኔን በግማሽ ራስ ትቶኝ ወይዘሪትን ከነካርቶኗ ይዞ መንገዱን ተሻገረ።

«ልጅህን ጭርት ይዟት ለምን ደበቅህ?»

«ያንተን ወንበር ባዶ ያስቀሩ ሰዎች የእኔን ይምራሉ?» አለ ጉርሙ።

«ወሬውን አንተ ነህ የነዛኸው!»

«እኔ አልነዛሁም።» ጉርሙ መሬት መሬቱን አየ። «አላስተባበልሁም እንጂ።»

ወደ እንስሳት ክሊኒክ አብረው ሄዱ፤ እኔም ራሴን በባርኔጣ ሸፍኜ ተከተልኋቸው። ባለሙያዋ ዬሮሳን በአንድ በሬና በአንዲት በቅሎ መካከል ተራ ሰጠቻቸው። ጓንቷን አጥልቃ ወይዘሪትን ካገላበጠች በኋላ «ፈንገስ ነው፤ ወደ ሰውም ይተላለፋል» አለች። «እርጥብ ላይ ነው የምታስተኟት? ዘይቱን ማን አዘዘ? እሱን ለመኪና ተዉለት!» ከዚያ ቅባት ሰጠች። ጉዝጓዙ ይቃጠል፤ ደረቅ ሣር ይነጠፍላት፤ ለምለሙን ትብላ፤ የነካት ሁሉ በሳሙና ይታጠብ፤ እስክትድን ልጅ አይጠጋት፤ የተያዙት ልጆችም ጤና ጣቢያ ይሂዱ አለች። ቀና ብላ አየቻቸውና «እናንተ ደግሞ ሁለታችሁም ባሕታዊ የሆናችሁት በምን ምክንያት ነው?» አለቻቸው።

ሰይፈ ሚካኤል በየቤቱ ዞሮ «ጭርቱ ከወይዘሪት ነው፤ ያስታቀፍኋቸው እኔ ነኝ፤ አሳክሟቸው» አለ። ሰሚራ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አዳመጠችው። «ቶንዶሱን ለማትረፍ ምስኪን እንስሳ ላይ አሳበቡ» አለችው። ልጇን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደች፤ ወደ ፀጉር ቤቱ ግን አላመጣችውም። ሌላም የመጣ አልነበረም።

በገበያው ቀን ሰው መንገዱን ሞልቶ ሳለ ጉርሙ የራሱን ሱቅ ዘጋና ተሻግሮ መጣ። ሰይፈ ሚካኤል በር ላይ ቆሞ «ምን ፈለግህ?» አለው።

«ፀጉር ቤት ሰው ምን ይፈልጋል?» አለና ወንበሩን ወደ በሩ አዙሮ ተቀመጠ። «ቁረጠኝ።»

ሰይፈ ሚካኤል ቶንዶሱን አነሣ።

«አልኮል!» አለ ጉርሙ።

«አላመንከኝም?»

«ዲሲ!» አለ በኦሮምኛ፤ «ተው እንግዲህ! አድርግና ሰዉ ይይ።»

አደረገ። በረጅሙ ፀጉር ውስጥ ቶንዶሱ መንገድ ሲያወጣ ሰዉ በሩ ላይ ተሰበሰበ። ጉርሙ ቶንዶሱ ጆሮው አጠገብ በደረሰ ቁጥር በእጁ በያዘው መስታወት ዓይኑን ከሰይፈ ሚካኤል እጅ ላይ አልነቀለም።

ጉርሙ ተላጭቶ ሲነሣ ሰሚራ ልጇን ይዛ በሰዉ መካከል ገባች። መጀመሪያ ጎንበስ ብላ ከወንበሩ ሥር፣ ቀጥሎም ከመጋረጃው ኋላ አየች።

«የለችም አይደል?»

«ጓሮ ናት፤ ብቻዋን።»

ልጇን አንሥታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው፤ እጇን ግን ከትከሻው ላይ አላነሣችም።